ቆጣሪው ስንት አለ? የመብራት ሒሳባችሁን ራሳችሁ የምታረጋግጡበት መንገድ

መጀመሪያ የራሴን ጉድ ልናገር። ቆጣሪ ማንበብ የጀመርኩ ሰሞን ነው። ነሐሴ ነው፤ ደሴ ጭጋግ ተከናንባለች፣ የጦሳ ተራራ የት እንዳለ እንኳ አይታይም። በስልኬ መብራት ቆጣሪውን ፎቶ አንስቼ ካለፈው ወር ጋር ሳቀናንሰው 970 ኪሎዋት ወጣ። ለሁለት ክፍል ቤት! ወፍጮ የለኝ፣ ዳቦ ቤት የለኝ። ጃንጥላዬን አነሳሁና እየተብከነከንኩ ወደ መብራት ኃይል ቢሮ ወረድኩ። የምናገረውን ሁሉ መንገድ ላይ አዘጋጅቻለሁ። መስኮቱ ላይ የነበረችው ልጅ ግን ፎቶውን አየት አደረገችና፣ «ወንድሜ፣ ቀዩን አትቁጠረው» አለችኝ። 97 ነበር።

እሷ ባትነግረኝ ኖሮ እስካሁን «የእኔ ቆጣሪ አብዷል» እያልኩ በየቡናው ላይ ሳወራ እገኝ ነበር። ያን ቀን አንድ ነገር ገባኝ። ስለ መብራት ሒሳብ የምንጨቃጨቀው አብዛኛውን ጊዜ ቆጣሪውን ስለማናየው ነው። የምናየው ቢሉን ብቻ ነው። ቢሉ ልክ ሲሆን አናምነውም። ስህተት ሲሆን ደግሞ በእጃችን ማስረጃ የለም። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለዚያ ነው። ደሴ ብትሆኑ ኮምቦልቻ፣ የራሳችሁ ቤት ቢሆን የኪራይ፣ አሠራሩ ያው ነው።

አንድ ነገር አስቀድመን እንለይ። ብዙዎቻችን አሁንም «መብራት ኃይል» እንላለን። ድሮ አንድ መሥሪያ ቤት ነበር፤ በ2006 ለሁለት ተከፈለ። ኃይል የሚያመነጨውና በትልልቁ ምሰሶ የሚያስተላልፈው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ነው። እስከ ቤታችን የሚያመጣው፣ ቆጣሪ የሚያነበውና ሒሳብ የሚሰበስበው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ነው። የቢል ጉዳይ ከሁለተኛው ጋር ነው።

1. ቆጣሪውን ማንበብ

በየግቢው የምታገኙት ቆጣሪ ባብዛኛው ከሦስቱ አንዱ ነው። አሮጌው በመስታወት ውስጥ የሚሽከረከር ዲስክ ያለው ነው። ከዲስኩ በላይ የሚገለባበጡ ቁጥሮች አሉ። የመጨረሻው ቁጥር በቀይ ከተከበበ ወይም ከነጥብ በኋላ ከመጣ ተዉት፤ እሱ የአንድ ኪሎዋት አሥረኛ ነው። የእኔ 970 የመጣው ከዚያች ቀይ ሳጥን ነው።

ሁለተኛው ዲጂታሉ ነው። ስክሪኑ በየጥቂት ሰከንዱ ይቀያየራል። አንዴ ቀን፣ አንዴ ሰዓት፣ አንዴ ቮልቴጅ ያሳያል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ያገኘውን ቁጥር ይዞ ይሄዳል። አትቸኩሉ። ከጎኑ የኪሎዋት ሰዓት ምልክት፣ ማለትም «ኬ ደብሊው ኤች» የሚሉት የላቲን ፊደሎች ያሉበት ቁጥር እስኪመጣ ጠብቁ። እሱ ነው የፍጆታ ንባብ። ነጥብ ካለው ከነጥቡ በፊት ያለውን ብቻ ጻፉ።

ሦስተኛው የካርድ ቆጣሪ ነው። ወደ እሱ በኋላ እመለሳለሁ።

ኪሎዋት ሰዓት ማለት 1,000 ዋት የሚበላ ዕቃ ለአንድ ሰዓት ሲሠራ የሚቆጥረው ነው። በአፍ «ኪሎዋት» ብቻ እንላለን፤ እኔም ለማሳጠር እንደዚያው እላለሁ።

ንባቡን ከጻፋችሁ በኋላ የቆጣሪውን የራሱን ቁጥር ፈልጉ። ፊቱ ላይ ተጽፏል። ቢሉ ላይ ካለው የቆጣሪ ቁጥር ጋር አመሳክሩት። ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል። ግን አንድ ግድግዳ ላይ ሁለት ሦስት ቆጣሪ በተደረደረበት ግቢ የእናንተ ቢል የጎረቤት፣ የጎረቤት የእናንተ ሆኖ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። ማረጋገጫው ቀላል ነው። የቤታችሁን ዋና ብሬከር አጥፉና የትኛው ቆጣሪ እንደቆመ ተመልከቱ። የቆመው የእናንተ ነው።

2. በየወሩ በአንድ ቀን፣ በፎቶ

ቀን ምረጡ። እኛ ቤት በ21፣ በማርያም ነው። ጎረቤታችን የወሩ የመጀመሪያ ጁምአ ላይ ያነባሉ። ቀኑ ብቻ አይረሳ። ፎቶው የቆጣሪውን ቁጥርና ንባቡን አንድ ላይ ያሳይ። ስልካችሁ ቀንና ሰዓት ይመዘግባል። ከፎቶው ሌላ በደብተር አንድ መስመር ጻፉ፦ ቀን፣ ንባብ፣ ካለፈው ልዩነት፣ የቀናት ብዛት።

የቀናት ብዛት የምለው በምክንያት ነው። ከነሐሴ 5 እስከ መስከረም 5 ድረስ 35 ቀን ነው፤ ጳጉሜን መሀል ላይ አለች፣ በአራት ዓመት አንዴ ደግሞ 36 ይሆናል። በቀን 3.2 ኪሎዋት የሚጠቀም ቤት በ30 ቀን 96 ይቆጥራል። በ35 ቀን 112 ይቆጥራል። ቤቱ ውስጥ ምንም አልተለወጠም፤ ቢሉ ግን መቶን አልፏል። የመስከረም ቢል ሁልጊዜ ለምን እንደሚያበሳጭ አሁን ገባችሁ? ለበዓሉ የተጋገረው ድፎ ሲጨመርበት ደግሞ አስቡት።

ስለዚህ ወርን ከወር ስታወዳድሩ ልዩነቱን በቀናቱ ብዛት አካፍላችሁ አወዳድሩ።

በብርም አታወዳድሩ። ታሪፉ ከ1998 ጀምሮ ለረጅም ጊዜ ሳይነካ ቆይቶ በታኅሣሥ 2011 ተሻሻለ፤ በአራት ዓመት ውስጥም ደረጃ በደረጃ ከፍ አለ። ከመስከረም 2017 ጀምሮ ሌላ የአራት ዓመት ማሻሻያ ተጀምሯል፤ ይህኛው በየሦስት ወሩ ነው የሚጨምረው። «አምና ይህን ያህል ነበር የምከፍለው» የሚል ቅሬታ ይዞ ቢሮ የሚሄድ ሰው ገና ከበሩ ተሸንፏል። «አምና በዚህ ወር 90 ኪሎዋት፣ ዘንድሮ 210» የሚል ሰው ግን ይሰማል።

3. ቢሉን መስመር በመስመር

ቢሉን ስትቀበሉ ወይም በቴሌብር ወይም በንግድ ባንክ መተግበሪያ ስታዩ የሚከፈለውን ድምር አይታችሁ አትዝጉት። አራት ነገር ፈልጉ።

የቀድሞ ንባብና የአሁን ንባብ። የአሁኑ ከእናንተ ፎቶ ጋር ይቀራረባል? አንባቢው የመጣው ከእናንተ ቀን ሦስት ቀን ቆይቶ ከሆነ ትንሽ ይበልጣል፤ ያ ያለ ነው። ንባቡ ከእናንተ ፎቶ ካነሰ ወይም እጅግ ከበለጠ ግን አንድ ነገር አለ። ቢሉ ላይ የተጻፈው ንባብ ቆጣሪው ገና ያልደረሰበት ቁጥር ከሆነ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማስረጃ አታገኙም። ቆጣሪ ወደኋላ አይሄድም።

የደንበኛ ዓይነት። መኖሪያ ቤት፣ ንግድና ኢንዱስትሪ የተለያየ ታሪፍ አላቸው። ኮምቦልቻ ውስጥ በመንገድ በኩል ያለውን ክፍል ለፀጉር ቤት አከራይቶ ጓሮው ውስጥ የሚኖር ብዙ ሰው አለ። ሱቁ ተዘግቶ ቤቱ ወደ መኖሪያ ሲመለስ ቢሉ ላይ ያለው ዓይነት በራሱ አይቀየርም። ሄዶ ማስቀየር የባለቤቱ ሥራ ነው።

ውዝፍ። ያለፈ ያልተከፈለ ሒሳብ ከዚህ ወር ጋር ተደምሮ ሲመጣ ሰው «የዚህ ወር ፍጆታ» ይመስለዋል። ለዩት። ቤት የገዛችሁ ከሆነ ደግሞ ውዝፉ የእናንተ ላይሆን ይችላል። ቤት ሲገዛ የካርታውን ነገር አሥር ጊዜ የሚመረምር ሰው የመብራቱን ውዝፍ አይጠይቅም። ከመፈራረማችሁ በፊት ሻጩ ዕዳ እንደሌለበት ማስረጃ ያምጣ፤ ስሙንም ወዲያው አዛውሩ።

ከፍጆታ ውጭ ያሉ ክፍያዎች። የአገልግሎት ክፍያ አለ፤ መብራት ባትጠቀሙም ይቆጠራል። ቫትም አለ። መኖሪያ ቤት በወር ከ200 ኪሎዋት በላይ ሲጠቀም 15 በመቶ ቫት ይመጣበታል። 200ን በአእምሯችሁ ያዙት፤ ከታች ይመለሳል።

4. ሒሳቡን ማስላት

አሁን እርሳስ ያዙ። የጊዜውን የታሪፍ ሠንጠረዥ ከአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ፎቶ አንሱት፤ በየሦስት ወሩ ስለሚቀየር የትኛው ሩብ ዓመት እንደሆነ አብራችሁ ጻፉ።

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን ነው። ብዙ በተጠቀማችሁ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ዋጋ ይጨምራል። አሠራሩን ለማሳየት የ2011ዱን ማሻሻያ የመጨረሻ ደረጃ ዋጋ ልውሰድ፤ አሁን የሚሠራበት አይደለም። እስከ 50 ኪሎዋት 0.2730 ብር፣ ከ51 እስከ 100 ድረስ 0.7670፣ ከ101 እስከ 200 ድረስ 1.6250፣ ከ201 እስከ 300 ድረስ 2 ብር ነበር። ከመጀመሪያው እስከ አራተኛው እርከን ሰባት እጥፍ ይደርሳል።

በእርከን ዋጋ ሁለት ዓይነት ስሌት ሊሠራ ይችላል። አንዱ እያንዳንዱን ክፍል በየራሱ ዋጋ ማስላት ነው። ሌላው ሙሉውን ፍጆታ በደረሰበት እርከን ዋጋ ማባዛት ነው። ሁለቱንም በእርሳስ ሥሩና ቢላችሁ ላይ ካለው የፍጆታ ዋጋ ጋር አስተያዩ። አንዱ በሳንቲም ልዩነት ይገጥማል፤ ከዚያ በኋላ በየወሩ በዚያው ታሰላላችሁ። አንዱም ካልገጠመ ወይ የተሳሳተ ሩብ ዓመት ሠንጠረዥ ይዛችኋል፣ ወይ የደንበኛ ዓይነታችሁ ሌላ ነው፣ ወይ እውነትም ስህተት አለ። በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ።

5. ተጠራቅሞ የመጣ ቢል

በእኔ ግምት ትልቁ ቁስል ይሄ ነው። አንባቢው ሲመጣ በር ተዘግቷል፣ ወይም ውሻ አለ፣ ወይም ከነጭራሹ አልመጣም። ቢሉ በግምት ይወጣል ወይም ይዘለላል። ከሦስት ወር በኋላ ሲነበብ ሁሉም አንድ ላይ ይመጣል። በ2014 መጀመሪያ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲገባ ደግሞ ማን ቆጣሪ ያነብ ነበር? እንዲህ ያለ ጊዜ ሲያልፍ የተጠራቀመ ንባብ መምጣቱ አይቀርም።

«ታዲያ የተጠቀምኩትን ነው የምከፍለው፣ ምን ችግር አለ?» የሚል ሰው ይኖራል። ችግሩ እርከኑ ነው። በወር 80 ኪሎዋት የሚጠቀም ቤት እንውሰድ፤ ዋጋው ያው ከላይ ያለው የድሮው ይሁን። በየክፍሉ ሲሰላ የአንድ ወሩ 36.66 ብር ነው፤ የሦስት ወሩ 109.98። ሦስቱ ወር እንደ አንድ ወር ተቆጥሮ 240 ሆኖ ቢመጣስ? 294.50 ብር። በሌላኛው ስሌት ደግሞ 184.08 የነበረው 480 ይሆናል። በየትኛውም መንገድ ብታሰሉት ቤቱ ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ይከፍላል፤ አንድ አምፖል እንኳ ተጨማሪ ሳያበራ። 240ው ከ200 ስላለፈ ደግሞ የቫቱ ነገር ይነሳል። 80 የሚጠቀም ቤት በጭራሽ የማይደርስበት ቦታ።

መፍትሔው ንባቡን ለወራቱ አከፋፍሎ እንደገና ማስላት ነው። ይህን ስትጠይቁ «በዝቶብኛል» አትበሉ። «ፍጆታውን አልክድም፤ የሦስት ወር ስለሆነ ለሦስት ወር ተከፋፍሎ ይሰላልኝ» በሉ። የየወሩ ፎቶ ካላችሁ ማከፋፈሉ በግምት ሳይሆን በቁጥር ይሆናል። ፎቶው ዋጋ የሚያወጣው እዚህ ላይ ነው።

ቀን ቀን ቤት የማትውሉ ከሆነ ቆጣሪው ከውጭ ሊነበብ የሚችልበትን መንገድ ፈልጉ፤ ወይም የዕለቱን ንባብ በወረቀት ጽፋችሁ በሩ ላይ ለጥፉ። ኋላ ቀር ነገር ይመስላል። ግን ይሠራል።

6. ቆጣሪውን መፈተን

ንባቡ ልክ ነው፣ ስሌቱም ልክ ነው፣ ፍጆታው ግን ከቤታችሁ ኑሮ ጋር አይገጥምም እንበል። ከመክሰሳችሁ በፊት ቤቱን ጠይቁት። ምጣድ ከ3,500 እስከ 4,000 ዋት ይበላል። ለሁለት ሰዓት ብትጋግሩ 7 ወይም 8 ኪሎዋት ነው፤ በሳምንት ሁለቴ ከሆነ በወር ከ55 በላይ ለእንጀራ ብቻ። የደሴ ብርድ ደግሞ አለ። እዚህ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ሽንብራና ባቄላ ቶሎ አይበስልም፣ ስቶቩ ይቆያል። ኮምቦልቻ ወርዳችሁ ስትኖሩ ደግሞ ፍሪጁ በሙቀቱ ዕረፍት የለውም።

ይህን ሁሉ አስልታችሁም ካልገጠመ ወደ ፈተናው።

መጀመሪያ ዋናውን ብሬከር አጥፉ። ቆጣሪውን አምስት ደቂቃ ተመልከቱ። ዲስኩ መዞር፣ የዲጂታሉ ቀይ መብራት ብልጭ ማለት ማቆም አለበት። ካላቆመ ከብሬከሩ በፊት የተቀጠለ መስመር አለ፣ ወይም ቆጣሪው ራሱ ታሟል። ባለሙያ ይጠራ።

ካቆመ ብሬከሩን መልሱትና በቤቱ ያለውን ዕቃ ሁሉ ከሶኬት ንቀሉ፣ አምፖሉን ሁሉ አጥፉ። አሁን ቢቆጥር ፍሳሽ አለ። በክረምት እርጥበት ከሚጠጣ ግድግዳ ውስጥ ያለ አሮጌ ሽቦ ይህን ይሠራል። ወይም ሳታውቁት ከእናንተ መስመር የሚጠጣ ሰው አለ። ትንንሾቹን ብሬከሮች አንድ በአንድ እያጠፋችሁ የትኛው ላይ እንደሚቆም አግኙ።

ቀጥሎ የፍጥነት ፈተና። 2,000 ዋት የሚል የኤሌክትሪክ ውሃ ማፍያ ሞልታችሁ ሰኩ። ሌላ ምንም አይሥራ። ልክ ሦስት ደቂቃ ብልጭታውን ቁጠሩ። ሦስት ደቂቃ በ2,000 ዋት አንድ አሥረኛ ኪሎዋት ነው። ቆጣሪው ላይ በአንድ ኪሎዋት 1,600 ብልጭታ ተብሎ ከተጻፈ 160 ያህል መቁጠር አለበት። ዲስክ ከሆነና 600 ዙር ከተባለ 60 ዙር። ካውያ አትጠቀሙ፤ እየበራ እየጠፋ ስለሚሠራ ያሳስታችኋል።

ቮልቴጁ ከወረደ ዕቃው ራሱ ያነሰ ነው የሚበላው፤ 220 የነበረው 200 ቢሆን ብልጭታው ወደ 130 ይወርዳል። ስለዚህ ሰው ሁሉ በሚያበስልበት ምሽት ሳይሆን ቀን ላይ፣ ሁለት ሦስቴ ሞክሩ። ብልጭታው በየጊዜው ከ200 በላይ የሚመጣ ከሆነ ቆጣሪው እንዲፈተሽ ለመጠየቅ በቂ ምክንያት አላችሁ። ማኅተሙን ግን በምንም ምክንያት አትንኩ። ማኅተም የተነካ ቆጣሪ ይዞ ቅሬታ የሚያቀርብ ሰው ተከሳሽ ሆኖ ነው የሚመለሰው።

7. አንድ ቆጣሪ፣ አራት ቤት

ደሴ ሸዋ በር ሰፈር ተከራይቼ በኖርኩበት ግቢ አራት ቤት በአንድ ቆጣሪ ነበርን። ባለቤቷን ሁላችንም «እትዬ» ነበር የምንላቸው። ቢሉ ሲመጣ በአምፖል ቁጥር ያካፍሉታል። እሳቸው ሦስት አምፖል፣ እኛ ሁለት፣ ሦስተኛው ቤት ሁለት፣ ጥግ ላይ ያለው ወንደላጤ አንድ። ልጁ ካንድ አምፖልና ከስልክ ቻርጀር በቀር ምንም የለውም። ምሳውን እንኳ ውጭ ነው የሚበላው።

አንድ ቀን ቡና ላይ፣ «እትዬ፣ ይህ አከፋፈል ልክ አይመስለኝም» አልኳቸው።

«ምነው ልጄ? አምፖል እንደሆነ አይዋሽ።»

«አምፖሉማ አይዋሽም። ምጣዱ ነው ያልተቆጠረው።»

ምጣዱ ያለው እሳቸው ቤት ነበር። ሳቁና፣ «ጠጣ፣ አቦሉ ይቀዘቅዝብሃል» አሉኝ። በወሩ ግን ለየቤቱ ትንሽ ቆጣሪ ተገጠመ፤ ወጪውን አራታችን ተካፈልን። እንዲህ ያለ የውስጥ ቆጣሪ ከዋናው ቆጣሪ በኋላ፣ በኤሌክትሪክ ባለሙያ የሚገጠም ነው። ከዋናው በፊት ምንም አይነካም።

አከፋፈሉን ለስሌት በሚቀል ቁጥር ላሳያችሁ። ዋናው ቆጣሪ 236 ኪሎዋት፣ ቢሉ 1,180 ብር ይሁን። ለ236 ሲካፈል አንዱ ኪሎዋት 5 ብር ይወጣል። እትዬ 92፣ እኛ 61፣ ሦስተኛው ቤት 40፣ ልጁ 12። ድምሩ 205 ነው። የቀረው 31 የግቢው በር መብራት፣ የሽንት ቤቱ አምፖልና በሽቦ የሚባክነው ነው፤ 155 ብር። ይህን ለአራት ስናካፍለው ለእያንዳንዱ 38.75 ይደርሰዋል። ልጁ 60 እና 38.75፣ በድምሩ 98.75 ብር ይከፍላል። በአምፖል ቢሆን 147.50 ይመጣበት ነበር። የእትዬ ከ442.50 ወደ 498.75 ወጣ። ተቀበሉት። ሰው በቁጥር ሲያየው ብዙ አይከራከርም።

ግን ይህም ሙሉ ፍትሕ አይደለም። አራቱም ቤት ለየብቻው ቢለካ ከ100 ኪሎዋት በታች ነው። አንድ ላይ ስንሆን ግን 236፤ ከፍ ያለ እርከን ውስጥ ገባን፣ 200ንም አለፍን። አንድ አምፖል ያለው ልጅ በባለ ምጣድ ዋጋ ነው የሚከፍለው። ስለዚህ አቅሙና ፈቃዱ ካለ ለየቤቱ የራሱ ቆጣሪ እንዲገባ ማመልከቱ ይሻላል። አከራዮች ይህን የሚፈሩት «ተከራዩ ዕዳ ጥሎብኝ ይሄዳል» ብለው ነው። ፍርሃታቸው መሠረት የለውም አልልም። በውሉ ላይ የመውጫ ቀን ንባብና ክፍያ እንዲጻፍ አድርጉ።

የራሱን ትርፍ ጨምሮ «ኪሎዋቱ ይህን ያህል ነው» ብሎ የሚያስከፍል አከራይ ካጋጠማችሁ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቁ፤ «ዋናውን ቢል ላየው?» ቢሉ ካልታየ አከፋፈል የለም።

ስለ ካርድ ቆጣሪና ስለ ትልልቅ ተጠቃሚዎች ባጭሩ

በካርድ ቆጣሪ ላይ የንባብ ጭቅጭቅ የለም፤ ክፍያው ቀድሞ ነው። ከመሙላታችሁ በፊትና በኋላ የቀረውን ኪሎዋት ፎቶ አንሱ። ደረሰኙ ላይ የተገዛው ኪሎዋት ቆጣሪው ላይ ከተጨመረው ጋር እኩል መሆን አለበት። ደረሰኙን አትጣሉ።

ኮምቦልቻ ውስጥ የብረታ ብረት ሥራ፣ ወፍጮ ወይም ዳቦ ቤት ያላችሁ ደግሞ ማባዣውን ጠይቁ። ትልቅ ጭነት ያለበት ቆጣሪ ጅረቱን የሚቀንስ መሣሪያ ስለሚገጠምለት የሚታየው ልዩነት ለምሳሌ በ20 ይባዛል። ማባዣው በቢሉና በተገጠመው መሣሪያ ላይ አንድ ካልሆነ ስህተቱም በዚያው ልክ ይባዛል።

8. ቅሬታ ማቅረብ

መጀመሪያ 905 ደውሉ፤ የአገልግሎቱ የጥሪ ማዕከል ነው። ለቢል ጉዳይ ግን ስልክ ብቻ አይበቃም። ማመልከቻ ጻፉ። አጭር ይሁን። ምሬታችሁን ለቡና አስቀሩት። እንዲህ ይበቃል፦

«ጉዳዩ፦ የሒሳብ ማስተካከያ ስለመጠየቅ። የደንበኛ ቁጥሬና የቆጣሪ ቁጥሬ ከላይ የተጠቀሰው ነው። በኅዳር ወር ቢል ላይ የአሁን ንባብ ተብሎ የተመዘገበው 5,210 ነው። በዚያው ቀን ቆጣሪው ላይ ያለው ንባብ ግን 5,120 ነው። ፎቶ አያይዣለሁ። ልዩነቱ 90 ኪሎዋት ሰዓት በመሆኑ ንባቡ በባለሙያ ታይቶ ሒሳቡ እንዲስተካከልልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።»

1ና 2 ቦታ ተቀያይረው ነው። ሰው ሲጽፍ የሚሠራው ስህተት ነው፤ ተንኮል መፈለግ አያስፈልግም። እንዲህ ያለ ማመልከቻ ሠራተኛውንም ይረዳዋል፤ ምን እንደሚያይ ነገራችሁት።

ማመልከቻውን በሁለት ኮፒ ይዛችሁ ወደ አገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ሂዱ። አንዱን ስጡ፤ በሌላው ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን ይጻፍላችሁ፣ ማኅተም ይደረግበት። «እናየዋለን፣ ተመለሱ» ተብሎ በቃል የተለያችሁ ከሆነ ምንም አላቀረባችሁም ማለት ነው። ቅሬታ ስላስገባችሁ ብቻ የመክፈያ ቀን ይቆማል ብላችሁም አትዘናጉ፤ መብራት ቆርጦ መቀጠሉ ሌላ ጣጣ ነው። በየወሩ የምትከፍሉትን ያህል ከፍላችሁ የሚያከራክረው ክፍል እስኪጣራ መቆየት ይችል እንደሆነ በዚያው ማመልከቻ ላይ ጠይቁ።

በአገልግሎት መስጫ ማዕከሉ ካልተፈታ ወደ ዲስትሪክቱ ይሄዳል። የመጀመሪያውን ማመልከቻ ኮፒ አያይዙ። ከዚያ በላይ ተቆጣጣሪ አለ፤ የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን። ዘርፉ የሚመራበት ሕግ የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 ነው፤ ማስፈጸሚያው ደንብ ቁጥር 447/2011። መልስ መንፈግ ወይም ማመላለስ ከሆነ ጉዳዩ የአስተዳደር በደል ነው፤ ለሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ይቀርባል። እዚያ ሁሉ ሳይደረስ አብዛኛው በመጀመሪያው መስኮት ያልቃል፤ ንባቡና ፎቶው በእጃችሁ ከሆነ።

ሒሳቡ ተስተካክሎ ከተነገራችሁ ደግሞ በቃል አትመለሱ። በቀጣዩ ወር ቢል ላይ የቀድሞ ንባብ የሚለውን መስመር ተመልከቱ። 5,120 ከሆነ ተስተካክሏል። አሁንም 5,210 ከሆነ፣ ያቺን የገቢ ቁጥር ያለባትን ወረቀት ይዛችሁ በነጋታው ጠዋት ሂዱ፤ ሰልፉ ሳይበዛ።